የቤተሰብ ምክር፤ አውቶሞቢልን ከፍ ስለ ማድረግና ትልቅ ጎማ ስለ መምረጥ



ሰው ዕቃ ሲገዛ በሁለት ዓይን ያያል። ባንደኛው ዓይኑ ጥቅሙን ይመለከታል፤ በሁለተኛው ዓይኑ ጎረቤቱን ይመለከታል። ሁለተኛው ዓይን በበረታበት ቤት ገንዘብ አይበረክትም። ነገሩ በልብስና በቤት ጌጥ ሲሆን ጉዳቱ በኪስ ላይ ይቀራል፤ በአውቶሞቢል ሲሆን ግን ከኪስ አልፎ ወደ ነፍስ ይደርሳል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ለጭንቅ መንገድ የሚያዘውን አውቶሞቢል አካሉን ከፍ ስለ ማድረግና ትልልቅ ጎማ ስለ መምረጥ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በገጠር ወረዳ የተሾመ ሰው፣ ወይም የትውልድ አገሩ ከአስፋልት የራቀበት የቤት ጌታ፣ ድንጋይ የአውቶሞቢሉን ሆድ ሲመታ በሰማ ጊዜ ከፍታን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል፤ ስንት ያህል ከፍ ይበል? በምን ከፍ ይበል? ከፍ ማለቱስ ለማን ይጠቅማል? ሦስተኛው ጥያቄ የሁለቱ ዳኛ ነው።

የሰሃላ መንገድና ተሳፋሪው

ምሳሌያችን ወደ ሰሃላ የሚወስደው መንገድ ይሁን። ሰሃላ በዋግ ኽምራ ከሚገኙት ወረዳዎች አንዱ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ተቀምጣ ሳለች የሰሃላ አገር ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚያዘነብል ቆላ ነው። ከሰቆጣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ብርዱን ትቶ ወደ ሐሩር ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ቁልቁለት ዳገት አድርጎ ይወጣዋል። በበጋ አቧራና የወንዝ አሸዋ፣ በክረምት ጭቃና ድንገተኛ ጎርፍ፣ በሁሉም ወራት ስለታም ድንጋይ አለ።

በዚህ ዓይነት መንገድ አውቶሞቢል የሚጭነው ማንን ነው? አንዳንድ ጊዜ ምጥ የያዛትን ሴት ነው። ወንዶች ከመንደሯ በቃሬዛ ተሸክመው አውቶሞቢል እስከሚገባበት ስፍራ ያደርሷታል፤ ከዚያ በኋላ የእርሷም የልጇም ሕይወት በአሽከርካሪው እጅና በአራት ጎማ ላይ ይሆናል። የሕክምና ሊቃውንት እናቶችን የሚገድል መዘግየት ሦስት ነው ይላሉ፤ ለመሄድ ሲያመነቱ መዘግየት፣ በመንገድ ላይ መዘግየት፣ ከሐኪም ቤት ከደረሱም በኋላ ሕክምናው እስኪገኝ መዘግየት። የእኛ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ መካከለኛው ነው።

ደግሞም በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ዋግ ኽምራን ባስጨነቀ ጊዜ ሰሃላ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እህልም መድኃኒትም በጎማ ላይ ነው የሚሄደው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ያወጀው ውሳኔ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም ተጠርቷል። ቃል ኪዳኑ ከወረቀት ወጥቶ ወደ ሕፃኑ ማዕድ የሚደርሰው የጤና ሠራተኛውና የእርሻ ባለሙያው ወደ ቀበሌው መድረስ ሲችሉ ነው። እንግዲህ የአውቶሞቢል ከፍታ በከተማ አደባባይ የወጣቶች ጨዋታ ቢመስልም በቆላው መንገድ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

አባቶቻችን በዚህ አገር ሲመላለሱ የመረጡት በቅሎን ነው። ፈረስ ለጦርና ለሰልፍ ያማረ ነበር፤ ለገደል መንገድ ግን መኳንንቱ ከፈረስ ወርደው በበቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ በቅሎ የምትረግጠውን ታውቃለችና። አውቶሞቢልም ለዚህ መንገድ ሲሰናዳ በቅሎ እንዲመስል እንጂ የሰልፍ ፈረስ እንዲመስል አይደለም።

ከፍታ ሁለት ዓይነት ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። አውቶሞቢል ከፍ አለ ሲባል የአካሉ ከፍታና የታችኛው ብረት ከፍታ ተለይተው መታየት አለባቸው።

በአገራችን የገጠር መንገድ እጅግ የታወቀውን የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ዓይነት እንውሰድ፤ ይህ ዓይነት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 የወጣ ነው። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ አክስል በሚባል በአንድ ወፍራም ብረት የተያያዙ ናቸው። በአክስሉ ላይ እንደ ቅል ያበጠ ዲፈረንሻል አለ፤ ከመሬት ጋራ እጅግ የሚቀራረበውም ይህ ቅል ነው። ባለቤቱ ረዥም ሞላ ወይም የጎበጠ ባሌስትራ ቢያስገባ የሚነሣው ሻንሲውና ከሻንሲው በላይ ያለው ሁሉ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከነበረበት አንዲት ጣት አይነሣም። ድንጋይ ዲፈረንሻሉን ይመታው ከነበረ ከብዙ ወጪ በኋላም ይመታዋል።

ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ እርሱም ከጨመረው ቁመት የሚሰጠው ግማሹን ነው። ጎማው በቁመት 3 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ከመካከሉ እስከ መሬት ያለው 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያድጋል፤ የቀረው 1 ተኩል ከላይ ወደ ጭቃ መከላከያው ይሄዳል።

ታዲያ አካሉን ማንሣት ከንቱ ነውን? አይደለም። የናፍጣ ጋኑንና መርገጫውን ከድንጋይ ያድናል፤ አፍንጫውም ጅራቱም ወደ ገደላማ ወንዝ ሲወርድና ሲወጣ መሬት እንዳይነካ ያደርጋል፤ ለጎማውም መወዛወዣ ስፍራ ይሰጣል። ዳሩ ግን የሚገዛው ይህን ዐውቆ ነው። የፊት ጎማዎቻቸው ለየራሳቸው ክንድ ባላቸው፣ እንደ አዲሶቹ የሂሉክስ ዓይነቶች ባሉት ላይ፣ የፊት ዲፈረንሻል ከሻንሲው ጋራ ይነሣል፤ ነገር ግን ኃይል ወደ ጎማ የሚወስዱት ዘንጎች አለልክ ይታጠፋሉ፤ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ያልቃል፤ የሚሸፍናቸውም ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል። ባንዱ የተገኘው በሌላው ይከፈላል።

ሞላና ባሌስትራ በጭነት እንጂ በቁመት አይመረጥም

ሻጩ አስቀድሞ የሚናገረው 5 ሴንቲ ሜትር ያነሣል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያነሣል እያለ ነው። ገዢው ግን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ይህ ባሌስትራ ስንት ኪሎ ቋሚ ጭነት ሁልጊዜ ለመሸከም የተሠራ ነው ብሎ ነው። ቋሚ ጭነት ማለት በየቀኑ ከአውቶሞቢሉ የማይወርደው ነው፤ የጣራ መጫኛው፣ ተጨማሪው የናፍጣ ጋን፣ ሁለተኛው ተጠባባቂ ጎማ፣ የአምቡላንስ አልጋና መሣሪያው ሁሉ በዚህ ይቈጠራል።

ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ በባዶ አውቶሞቢል ላይ ሲገባ እንደ ጋሬጣ ይደርቃል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይዘላል፤ ጎማውም በመዝለሉ መሬቱን ይለቃል፤ መሬቱን የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም። ከኋላ የተኛችው ሕመምተኛ ይህን ሁሉ በአጥንቷ ትቀበለዋለች። ለቀላል ጭነት የተሠራው ደግሞ ስምንት ሰውና ሦስት ኩንታል ሲጫንበት ይሰምጥና ከፍታው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ባለ ቤቱ አስቀድሞ የዘወትር ጭነቱን በኪሎ ይጻፍ፤ ቁመቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለአብዛኛው የገጠር ሥራ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ያለፈው ብዙ ሌላ ለውጥ ይጠራል።

በርካሽ ከፍ ማድረጊያ መንገዶችም አሉ። አንደኛው በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ድጋፍ ማስገባት ነው፤ ይህ በፊት ጎማዎች በኩል ፈጽሞ አይደረግ፤ በኋላም ቢሆን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባሌስትራውን ያጣምመዋል። ሁለተኛው በአሮጌው ባሌስትራ ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ነው፤ ለጭነት ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን የደከመውን ብረት አያድሰውም። ሦስተኛው በሞላው ላይ ቀለበት መደረብ ነው፤ ከፍ ያደርጋል እንጂ የመሸከም ኃይል አይጨምርም።

ሞላና ባሌስትራ ሸክሙን ይይዛሉ፤ መዝለሉን የሚያረጋጋው ግን አሞርዛተር ነው። አካሉ ተነሥቶ አሮጌውና አጭሩ አሞርዛተር ቢቀር፣ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ አሞርዛተሩ እንደ አጭር ገመድ ይወጠራል፤ በመጨረሻም ከመያዣው ይነቀላል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደ ተባለው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዘወትር በአንድነት ይለወጡ። እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ ጠጠር መንገድ ላይ ለብዙ ሰዓት የሚሄድ አሞርዛተር እጅግ ይግላል፤ በጋለም ጊዜ ይደክማል፤ ስለዚህ ወፍራሙና ብዙ ዘይት የሚይዘው ይመረጣል።

ከከፍታ በኋላ የሚከተለው

አውቶሞቢል ከፍ ባለ ጊዜ ቢያንስ አራት ነገር ይመርመር።

አንደኛ፤ ወደ ጎማ የሚወርደው የፍሬን ቱቦ። ጎማው እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ቱቦው ከተወጠረ ረዥም ቱቦ ይግባ። በቁልቁለት መካከል የተበጠሰ የፍሬን ቱቦ የሚሰጠው ሁለተኛ ዕድል የለም።

ሁለተኛ፤ የኋላ ፍሬን መጠን። በብዙ የጭነት አውቶሞቢሎች የኋላው አካል ሲሰምጥ ጭነት አለ ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ የፍሬን ኃይል የሚሰጥ፣ ከፍ ሲል ባዶ ነው ብሎ የሚቀንስ መሣሪያ አለ። አካሉ በአዲስ ባሌስትራ ከፍ ካለ ይህ መሣሪያ ጭነት ሳለ ባዶ ነው ብሎ ይሳሳታል። መካኒኩ እንደ አዲሱ ቁመት ያስተካክለው።

ሦስተኛ፤ መሪው። የፊት ጎማዎች ወደ ኋላ ጥቂት ዘንበል ብለው የሚቆሙበት ማዕዘን አለ፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀና የሚመለሰው በዚህ ማዕዘን ነው። ሞላ ያለው የፊት አክስል ከፍ ሲል ማዕዘኑ ይቀንሳል፤ መሪው ይቀላል፤ አውቶሞቢሉም በጎዳና ላይ ይዋልላል። ለዚህ ማስተካከያ የሚሆን ቦኮላ ይሸጣልና ከሞላው ጋራ አብሮ ይገዛ።

አራተኛ፤ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚወስደው ዘንግ። ማዕዘኑ ከበዛ አውቶሞቢሉ በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ መገጣጠሚያውም ቶሎ ይበላል።

የሚገለበጠው በምን ያህል ነው?

ይህ በሒሳብ ሊታይ የሚገባው ነው። የአውቶሞቢል የክብደቱ ማዕከል ከመሬት በወጣ መጠን ለመገልበጥ ይቀርባል። ለምሳሌ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል 1 ሜትር ተኩል ያለው፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 2,500 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል እናስብ። ቆሞ ሳለ ወደ ጎን ቢያዘነብል በስሌት የሚገለበጠው በ45 ዲግሪ ነው። ማዕከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል 43 ዲግሪ ይሆናል። አሁን በጣራው ላይ፣ ከመሬት በ2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ኩንታል ይጫን፤ 40 ዲግሪ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ መካከለኛ ከፍታ ራሱ ብቻውን ሰው አይገድልም። ሁለተኛው፣ ጣራ ላይ የተወረወረው ሁለት ኩንታል ከከፍታው የበለጠ ይጎዳል። ይህ ደግሞ የቆመ አውቶሞቢል ስሌት ነው፤ በመታጠፊያ ሲሮጥ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ፣ ሞላው ባንድ ወገን ሲሰምጥ ከዚህ በጣም ባነሰ ይገለበጣል። ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚወርድ ቤተሰብ እህሉንና ውኃውን ከወለሉ ላይ ያኑር፤ በጣራ ላይ ቀላሉን ብቻ ያድርግ። እመቤቲቱ ዕቃ ስታስጭን ይህን ብታዝዝ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት ሞላ የበለጠ ልጆቿን ትጠብቃለች።

ጎማን ማንበብና መምረጥ

በጎማ ጎን ላይ የተጻፈው ቍጥር ምሥጢር አይደለም። 265/75 አር 16 ቢል፣ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 75 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 75 እጅ መሆኑን ይነግራል፤ አር የሚለው ፊደል የአሠራሩን ዓይነት ያመለክታል፤ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ተደምሮ ሲሰላ የጎማው ሙሉ ቁመት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። 285/75 አር 16 ደግሞ 83 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከፊተኛው ወደ ኋለኛው የሚሸጋገር ሰው ምን ያገኛል፣ ምንስ ይከፍላል? ዲፈረንሻሉ ከመሬት 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይርቃል። በአንጻሩ ጎማውን ለማዞር ኃይል ይበዛልና የዳገቱ ጉልበት ከመቶ 4 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ፍሬኑም ትልቁን ጎማ ለማቆም የበለጠ ይደክማል፤ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 80 ሲል አውቶሞቢሉ በእውነት 83 ይሄዳል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍም ሰፊው ጎማ ሻንሲውን ወይም የጭቃ መከላከያውን ሊነካ ይችላል። ለ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይህን ያህል መክፈል ይገባ እንደ ሆነ ባለ ቤቱ ይፍረድ።

ስለ ስፋትም አንድ ነገር እንበል። በገጠር አምቡላንሶችና በጭነት ላንድክሩዘሮች ላይ ዘወትር የምናየው 7.50 አር 16 የሚባለው ጎማ ቁመቱ ከ265/75 አር 16 ጋራ ያህል ለያህል ነው፤ ስፋቱ ግን 19 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን ያኛው 26 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ቀጭኑ በጭቃ ውስጥ ላይ ላዩን ከመንሸራተት ይልቅ ቈርጦ ወደ ጠንካራው መሬት ይደርሳል፤ በስለታም ድንጋይ መካከልም ለመቈረጥ የሚያጋልጠው ጎን ያነሰ ነው፤ መሪንም አያከብድም። ሰፊው በአሸዋና በአስፋልት ይሻላል። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ አውቶሞቢል የኋላ ጎማ ቁመቱ 30 ኢንች ሳለ ስፋቱ 3 ኢንች ተኩል ብቻ ነበር፤ መንገድ ያልተሠራበት ዘመን ረዥምና ቀጭን ጎማ ይፈልግ ነበርና። ቤንትሊ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌ የሚባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያመጣም መንገዱ የግመልና የበቅሎ መንገድ ነበር።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈውን የጭነት ቍጥር መመልከት ያሻል። 112 የሚል ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 121 የሚል 1,450 ኪሎ ይሸከማል፤ ይህም በሚገባው አየር ሲሞላ ነው። በከተማ ያማረ ሰፊ ጎማ ብዙ ጊዜ የጭነት ቍጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ ሰውን በመልኩ እንጂ በጉልበቱ አያስደስትም።

የጎማውን ዕድሜም ሳያዩ አይግዙ። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ በኋላ በመጨረሻ አራት ቍጥር ይገኛል፤ ለምሳሌ 2319 ቢል ጎማው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ሳይሮጥም ያረጃል፤ በቆላ ፀሐይ ደግሞ ፈጥኖ ያረጃል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በርካሽ ሲቀርብ ለገዢው ስጦታ አይደለም።

ስለ አየሩም ይህን እንበል። የአየር መጠን የሚለካው ጎማው ሳይግል፣ በማለዳ ነው። ወደ ቆላ ሲወርዱ ጎማው ይግላል፤ ግፊቱም ይጨምራል፤ ይህ የታሰበለት ስለ ሆነ ከጋለ ጎማ አየር ማውጣት አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ጎደሎ ሆኖ ይገኛልና። በወንዝ አሸዋ ውስጥ ግን ሆን ብሎ አየር መቀነስ ጎማውን ያሰፋዋል፤ አውቶሞቢሉም ሳይሰምጥ ያልፋል። ከአሸዋው እንደ ወጡ ወዲያውኑ መልሶ መሙላት ግድ ነው፤ በጎደለ አየር በድንጋይ መንገድ መሮጥ ጎማውን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ስለዚህ የግፊት መለኪያና የአየር መሙያ ከትልቅ ጎማ በፊት ይገዛ፤ ዋጋቸው ከአንድ ጎማ ያነሰ ነውና።

በመጨረሻም ከጎማ ሁሉ የሚሻለው በመንገድህ ላይ ያለው ጎሚስታ የሚያውቀውና በቅርብ ከተማ የሚገኘው ነው። ከአዲስ አበባ በትእዛዝ የመጣ እንግዳ ልክ ያለው ጎማ በሰሃላ ቁልቁለት ቢፈነዳ ወራሽ የለውም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የተባለው ለዚህም ይሠራል። አራቱም ጎማዎች አንድ ልክ ይሁኑ፤ ተጠባባቂዎቹም እንዲሁ፤ ለዚህ መንገድ ደግሞ ሁለት ተጠባባቂ ቢያዝ አይበዛም።

ከፍታ ድፍረት እንዳይሆን

ከፍ ያለ አውቶሞቢል ካለው ጥፋት ሁሉ የሚከፋው ሰውን ማደፋፈሩ ነው። በክረምት የተከዜ ገባሮች በድንገት ይሞላሉ። አሽከርካሪው ጎማዬ ትልቅ ነው ብሎ ይገባል። ነገር ግን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ፈሳሽ ውኃ አብዛኛውን አውቶሞቢል፣ ትልልቆቹንም ጭምር፣ ሊወስድ ይችላል። ትልቅ ጎማ አየር የያዘ ነውና መንሳፈፍን ይረዳል እንጂ አይከለክልም። ሞተሩም በአየር መሳቢያው በኩል ውኃ ከጠጣ ከዚያው ይሰበራል። ጎርፍ ሲመጣ ያለው ጥበብ አንድ ነው፤ ከዳር ቆሞ መጠበቅ። ሕመምተኛ ይዞ መጠበቅ ልብ ያስጨንቃል፤ ስለዚህ ነው የወሊዷ ጊዜ የቀረበ እናት በጤና ጣቢያ አጠገብ በተሠራው የእናቶች ማቆያ ቀድማ እንድትገባ የሚመከረው። እናቲቱ ቀድማ ስትደርስ አውቶሞቢሉ ከጎርፍ ጋራ አይታገልም።

የወጪው ቅደም ተከተል

እንግዲህ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሲመክሩ ገንዘቡ በዚህ ተራ ይውጣ።

መጀመሪያ ያለው ይታደስ፤ ያለቀ ቦኮላ፣ የሚያንጠባጥብ አሞርዛተር፣ የሳሳ የፍሬን ሸራ ይለወጥ። ብዙ ጊዜ አውቶሞቢሉ ዝቅ ያለው በተፈጥሮው ሳይሆን ባሌስትራው ስለ ደከመ ነው፤ አዲስ ሲገባለት የጠፋው ከፍታ ራሱ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ በፋብሪካው ልክ የሆነ፣ ጎኑ ጠንካራ፣ የጭነት ቍጥሩ የበቃ ጥሩ ጎማ ይገዛ፤ ከርሱም ጋራ የአየር መሙያው፣ ጠንካራ ክሪክና ክሪኩ በአሸዋ ላይ የሚቆምበት ሰፊ ሳንቃ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ የዘወትሩ ጭነት ተመዝኖ በዚያ ልክ ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር ባንድነት ይግባ፤ ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ቀድሞ የተናገርናቸውም አራቱ ነገሮች ይመርመሩ። ሥራው ከመጀመሩም በፊት ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የሚያስቸግር እንዳይሆን መርማሪውን መጠየቅ ያሻል።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ዲፈረንሻሉ ድንጋይ የሚነካ ከሆነ፣ ያን ጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጎማ ይታሰብ።

በተግባር እንደሚታየው ከሦስተኛው አልፎ ወደ አራተኛው መሄድ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን በሚያሰብር ለውጥ ማበላሸት የቀድሞ ያህል በቀላሉ የሚታረም ጥፋት አይደለም።

አሽከርካሪውንም አንርሳ። በዝቅተኛ ማርሽ በእርጋታ የሚወርድ፣ በአስቸጋሪው ስፍራ ወርዶ መንገዱን በእግሩ የሚያይ፣ ከወንዝ ዳር መቆምን የማያፍር ሰው በፋብሪካው ቁመት ላይ ያለውን አውቶሞቢል ከሰሃላ ወደ ሰቆጣ ያደርሰዋል። የማይታገሠው ግን የፈለገውን ያህል ቢያነሣው ከፍታው የሚጠቅመው ከሩቅ እንዲታይ ብቻ ነው። በአምቡላንሱ አልጋ ላይ የተኛችው እናት ስለ ጎማው ትልቅነት አትጠይቅም፤ የምትፈልገው ሳትንገላታ መድረስን ነው፤ የቤት ጌታም፣ ሹምም፣ መካኒክም ሞላና ጎማ ሲመርጡ እርሷን በልባቸው አስቀምጠው ይምረጡ።